በአዲሮንዳክ ተራሮች ድንኳን የት ይተከላል?

ጥያቄ፦ በጁላይ አራት ሆነን በኒውዮርክ አዲሮንዳክ ተራሮች ሦስት ሌሊት እያደርን በእግር ልንጓዝ ነው። ማርሲ ተራራን መውጣት እንፈልጋለን። ካርታችን ላይ የድንኳን ምልክት ያለባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከእነሱ ውጭ ማደር ይፈቀዳል? ሌሎች ሰዎች ያደሩበት፣ ድንጋይ ተከቦ እሳት የተነደደበት ቦታ ብናገኝስ እዚያ መስፈር እንችላለን?

ምላሽ፦ የመጀመሪያው ይፈቀዳል። ሁለተኛው በእሳት ድንጋዩ ብቻ አይፈቀድም።

በአዲሮንዳክ የመንግሥት ደን ውስጥ ምልክት ካለባቸው ቦታዎች ውጭም ያለ ክፍያና ያለ ቀጠሮ ድንኳን መትከል ይቻላል። ነገር ግን መሬቱ የመንግሥት መሆን አለበት፤ ከፍታው ከገደቡ በታች መሆን አለበት፤ ከመንገድና ከውሃ መራቅ አለበት፤ የዚያ አካባቢ የተለየ ደንብ ካለም አለመከልከሉ መረጋገጥ አለበት። የእሳት ድንጋይ ከእነዚህ ስለ አንዱም አይናገርም። የሚያሳየው ከእናንተ በፊት አንድ ሰው እዚያ ማደሩን ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደንቡን ጥሶ ነው ያደረው። ጥሩ የሚመስሉት፣ መሬታቸው የተደለደለው፣ ከውሃው ዳር ያሉት አሮጌ ቦታዎች አብዛኞቹ የተዘጉት ለውሃና ለመንገድ ስለቀረቡ ነው።

ከመሬቱ እንጀምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በካርታ ላይ «ብሉ ላይን» የሚባለው ሰማያዊ መስመር የአዲሮንዳክ ፓርክን ወሰን ያሳያል። ፓርኩ በ1892 ሲቋቋም ጀምሮ የግልና የመንግሥት መሬት ተቀላቅሎ የሚገኝበት ነው። በወሰኑ ውስጥ 6 ሚሊዮን ኤከር ገደማ አለ፤ የመንግሥት የሆነው 2.6 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ «ፓርክ ውስጥ ነን» ማለት «ማደር እንችላለን» ማለት አይደለም። ካርታችሁ የመንግሥቱን መሬት በቀለም ለይቶ የማያሳይ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ በምህጻሩ ዲኢሲ፣ «ዲኢሲ ኢንፎ ሎኬተር» የሚባል ነጻ የኢንተርኔት ካርታ አለው። የመንግሥት መሬቱን፣ የእግር መንገዶችን፣ መጠለያዎችንና የተፈቀዱ የድንኳን ቦታዎችን እያበሩና እያጠፉ ማየት ይቻላል። ከመነሳታችሁ በፊት የምታልፉባቸውን አካባቢዎች ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ተራራው ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ።

የእግር መንገድ የግል መሬት ማቋረጡ እንግዳ ነገር አይደለም። ባለመሬቱ ሰው እንዲያልፍ ፈቅዷል ማለት እንዲያድር ፈቅዷል ማለት ግን አይደለም። በኪን ቫሊ በኩል፣ በሴንት ሁበርትስ ያለው የአዲሮንዳክ ማውንቴን ሪዘርቭ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ መንገዱ ለእግረኛ ክፍት ነው፤ መስፈር ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፣ ውሻ ማስገባትም እንዲሁ። በሃርት ሌክ ያለው መነሻም የአዲሮንዳክ ማውንቴን ክለብ የግል ይዞታ ስለሆነ እዚያው ማደር የምትፈልጉ ከሆነ የክለቡን የመስፈሪያ ቦታ በክፍያ ነው የምትጠቀሙት። ነጻው ማደሪያ የሚጀምረው የክለቡን ወሰን አልፋችሁ የመንግሥት መሬት ስትገቡ ነው። «የግል መሬት» የሚል ማስታወቂያ ስላላያችሁም መሬቱ የመንግሥት ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ማስታወቂያ ይወድቃል፣ ካርታው ግን ቦታው ላይ ነው።

ከፍታው ቀላል ነው። በአዲሮንዳክ ከ4,000 ጫማ በላይ ድንኳን መትከል አይፈቀድም። ለበረዶው ወራት የተለየ አንቀጽ አለ፤ በጁላይ ለሚጓዝ ግን አይረባም። ማርሲ 5,344 ጫማ ስለሆነ ከጫፉ አጠገብ ማደር ከሐሳባችሁ ይውጣ። ማርሲ የሚገኝበት የሃይ ፒክስ (ከፍተኛ ጫፎች) ዱር ማእከላዊ ክፍል ደግሞ ተጨማሪ ደረጃ አለው፦ ከ3,500 እስከ 4,000 ጫማ ባለው መሐል ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች ብቻ ነው ማደር የሚቻለው። የምትይዙት ካርታ የከፍታ መስመሩ በሜትር ከሆነ (የዚህ አካባቢ አንዳንድ ካርታዎች እንዲያ ናቸው) 4,000 ጫማ 1,219 ሜትር፣ 3,500 ጫማ ደግሞ 1,067 ሜትር ነው። እነዚህን ሁለት መስመሮች ቤት ሳላችሁ በቀይ እስክሪብቶ አድምቋቸው። ደክሞ የመጣ ሰው ዳገት ላይ ቆሞ የከፍታ መስመር ሲቆጥር ይሳሳታል። በካትስኪል ተራሮች የሄደ ጓደኛ «ገደቡ 3,500 ነው» ካላችሁም አልዋሸም፤ የዚያኛው ተራራ ገደብ ነው የነገራችሁ።

አሁን ወደ ርቀቱ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር ይሻላል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ «ካምፕ ሂር» (እዚህ ስፈሩ) የሚል ምልክት ከሌለ በስተቀር ከማንኛውም የመኪና መንገድ፣ የእግር መንገድ፣ ምንጭ፣ ጅረት፣ ኩሬ ወይም ሌላ ውሃ በ150 ጫማ ውስጥ መስፈር ክልክል ነው። 150 ጫማ 46 ሜትር ያህል ነው። በተስተካከለ መሬት ላይ የአዋቂ ሰው እርምጃ 75 ሴንቲሜትር ብንለው 61 እርምጃ ይሆናል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ግን ማንም 75 ሴንቲሜትር አይራመድም፤ በወደቀ ግንድ ላይ እየወጣ፣ ቅርንጫፍ እየዞረ ግማሽ ሜትር ቢራመድ ነው። ስለዚህ «ስልሳ ቆጠርኩ» ያለ ሰው በእውነቱ 30 ሜትር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። መቶ ቁጠሩ። ሁለት ሰው ካላችሁ ደግሞ 15 ሜትር ገመድ አራት ጊዜ ዘርግቶ መለካት ከሁሉም ይሻላል፤ ገመዱን ለሌላም ጉዳይ ስለምትይዙት ተጨማሪ ሸክም አይሆንም። ጂፒኤስ በቅጠል ሥር አሥር ሜትር ቢስት አይደንቅም፤ እሱን ብቻ ይዛችሁ 46 ላይ አትቁሙ። የእኔ ምክር ሁልጊዜ 60 ሜትር፣ ማለትም 200 ጫማ መራቅ ነው። ያኔ ስሕተታችሁም ከደንቡ ውስጥ ነው የሚወድቅ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። የአዲሮንዳክ የእግር መንገዶች ጅረት ተከትለው ነው የሚወጡት። መንገዱና ጅረቱ መሐል ሕጋዊ ቦታ እንዲኖር ከመንገዱ 150፣ ከጅረቱም 150፣ በድምሩ ከ300 ጫማ በላይ ስፋት ያስፈልጋል፤ የድንኳኖቹ ቦታ ሲጨመር ደግሞ 350 ጫማ ገደማ። በ1:24,000 ካርታ ላይ (1 ሚሊሜትር 24 ሜትር በሆነበት) 150 ጫማ 2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ 350 ጫማ 4 ሚሊሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ በመንገዱና በጅረቱ መሐል ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት ካያችሁ እዚያ መሐል አትድከሙ። ከጅረቱ ተቃራኒ ወዳለው የመንገዱ ጎን ውጡ። ከመንገድ ስትርቁ ደግሞ ከፊታችሁ ያለውን ተመልከቱ፦ ዳገት ላይ የሚጠማዘዝ መንገድ ከሆነ ከአንዱ እጥፋት ርቃችሁ ወደ ሌላው እጥፋት ልትጠጉ ትችላላችሁ። ካርታ ላይ ያልተሣለች ቀጭን ጅረትም ጅረት ናት፤ ውሃ ሲወርድባት ካያችሁ ቁጠሯት።

ይህን ሁሉ መለካት የሚያስቀረው ምልክቱ ነው። በቢጫ ክብ ላይ በጥቁር የተሣለ የድንኳን ምስልና «ካምፕ ሂር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ዛፍ ላይ ተቸንክሮ ካያችሁ፣ ቦታው ከውሃው ዳር ቢሆንም ሕጋዊ ነው። እነዚህ ናቸው በካርታችሁ ላይ በድንኳን ምልክት የተሣሉት። አንዱ ቦታ ቢበዛ ለ8 ሰውና ለ3 ድንኳን የታሰበ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የጉድጓድ መጸዳጃ በአጠገቡ አለ። አንድ ጥንቃቄ፦ የእግር መንገዶችም በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ ክብ ምልክት ነው የሚታወቁት። ሲመሽ በባትሪ ብርሃን ቢጫ ክብ ያየ ሰው መንገድ ጠቋሚውን «ማደሪያ ነው» ብሎ ድንኳኑን መንገዱ ዳር ይዘረጋል። ቀርባችሁ ጽሑፉን አንብቡ። በተቃራኒው «ኖ ካምፒንግ» (መስፈር ክልክል ነው) የሚል ምልክት ያለበት፣ ወይም ቅርንጫፍና ግንድ ሆን ተብሎ የተጋደመበት ደልዳላ መሬት ካገኛችሁ ቦታው እንዲያገግም የተዘጋ ነው። ግንዱን አንስቶ መስፈር የሠራተኛ ልፋት ማፍረስ ነው።

ሊን ቱ የሚባሉት ከግንድ የተሠሩ፣ ሦስት ግድግዳ ያላቸው፣ ፊታቸው ክፍት የሆነ መጠለያዎች ናቸው። ቀድሞ የደረሰ ይገባል፤ ግን ማንም ለብቻው ሊይዘው አይችልም። ዝናብ ያባረረው ሌላ ቡድን ከመጣ እስከሚሞላ ድረስ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 8 ሰው፣ ማስገባት ግዴታ ነው። ውስጡ ድንኳን አይተከልም። ሊን ቱው ሞልቶ ካገኛችሁትም አጠገቡ ድንኳን መዘርጋት መፍትሔ አይደለም፤ መጠለያዎቹ ለውሃና ለመንገድ ቅርብ ስለሚሠሩ በዙሪያቸው ያለው መሬት በ150 ጫማው ውስጥ ነው የሚውለው።

ለእናንተ ጉዞ በተለይ፦ ከሃርት ሌክ ተነስቶ ወደ ማርሲ የሚወስደው መንገድ እስከ ጫፍ 7.4 ማይል ነው፤ ደርሶ መልስ ወደ 15 ማይል ማለት ነው። ማርሲ ዳም ከመነሻው ሁለት ማይል ትንሽ አልፎ ይገኛል፤ ምልክት ያላቸው የድንኳን ቦታዎችና ሊን ቱዎች አሉት። ከዚያ እስከ ጫፍ 3,000 ጫማ ያህል ዳገት ይቀራል። ሌክ ኮልደን ሁለተኛው የተለመደ መዳረሻ ነው። በዚህ ማእከላዊ ክፍል ውስጥ ከምልክት ውጭ ቦታ ፍለጋ ደን መግባትን እኔ አልመክርም። ደልዳላው መሬት ጥቂት ነው፣ ያለውም ረግረግ ነው፣ ጥበቃውም ጥብቅ ነው። ሁለቱን ሌሊት በተመደቡ ቦታዎች አቅዱ፤ ሦስተኛውን ከማእከላዊው ክፍል ውጭ፣ ከምልክት ነጻ በሆነ ደን ውስጥ ብታደርጉት ሁለቱንም ዓይነት ታዩታላችሁ። ቦታ የሚያዘው በቅድሚያ በመድረስ ስለሆነ ዓርብና ቅዳሜን አስወግዱ። እሑድ ከሰዓት የሚነሳ ቡድን የሚመለሱትን ሰዎች ነው የሚያገኘው።

በዚያው ማእከላዊ ክፍል እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ። ለአዳር የሚገባ ቡድን ከ8 ሰው መብለጥ የለበትም፤ እናንተ አራት ስለሆናችሁ አይመለከታችሁም። ከኤፕሪል 1 እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ ድብ የማይከፍተው የምግብ ጣሳ ግዴታ ነው። ስንት ጣሳ? ለአንድ ሰው በቀን 1.7 ሊትር ያህል አስቡ። አራት ሰው ለአራት ቀን 27 ሊትር ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቀን ምሳ በእጅ ስለሚበላ ትንሽ ይቀንሳል። 11 ሊትር ተኩል የሚይዘው የተለመደው ጣሳ ሁለቱ ይጠብባችኋል፣ ሦስት ያዙ። የጥርስ ሳሙና፣ የጸሐይ ቅባትና ቆሻሻም እዚያው ነው የሚገባው፤ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፣ ድቡ ግን አይረሳም። ጣሳውን ከድንኳን 30 ሜትር ርቆ፣ ከገደልና ከውሃ ራቅ ባለ መሬት ላይ አስቀምጡ፤ ድብ ሲያንከባልለው ሐይቅ እንዳይገባ። አታንጠልጥሉት፣ ገመድም አትሰሩበት፤ ገመድ ካለው ጎትቶ ይወስደዋል።

ሦስተኛውን ሌሊት ከምልክት ውጭ ስታድሩ ፍለጋው የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የመንግሥቱን መሬት ለዩ። የከፍታ ገደቡን አስምሩ። በመንገዱና በውሃው ግራና ቀኝ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል በእርሳስ አጥቁሩ፤ ከደንቡ በእጥፍ ይበልጣል፣ ግን ከዚያ ያነሰ በእርሳስ አይሠራም። ነጭ ሆኖ የቀረው ቦታ እጩ ነው። ከዚያ የከፍታ መስመሮቹ የተራራቁበትን ፈልጉ። በ1:24,000 ካርታ፣ መስመሮቹ በ20 ጫማ ልዩነት የተሣሉ ከሆነ፣ በሁለቱ መሐል 1 ሚሊሜትር ካለ ተዳፋቱ 25 በመቶ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ድንኳኑ ጫፍ ስትንሸራተቱ ታድራላችሁ። 4 ሚሊሜትር ሲሆን 6 በመቶ ይወርዳል፣ እዚያ ውስጥ የድንኳን ቦታ ይገኛል። በሜትር የተሠራው ካርታ ላይ መስመሮቹ በ10 ሜትር የሚራራቁ ከሆነ ለተመሳሳይ ተዳፋት ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ፈልጉ። እጅግ የተራራቀው ግን አያታልላችሁ፦ በሸለቆ ወለል ላይ ፍጹም ሜዳ የሆነው ረግረግ ወይም ቢቨር የሚባለው ግድብ ሠሪ እንስሳ የገደበው ኩሬ ነው። የምትፈልጉት በዳገቱ ወገብ ላይ ያለውን እርከን፣ ወይም የሸንተረሩን ዝቅ ያለ ትከሻ ነው። ሰፊ ቅጠል ባላቸው ዛፎች ሥር መሬቱ ክፍት ነው፤ ከፍ ሲባል የሚጀምረው የጥድ ዘር ግን ሰው የማያሳልፍ ጥሻ ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት እጩዎችን ቁጥር ሰጥታችሁ ያዙ። አንድ ብቻ የያዘ ቡድን ያ ቦታ ሲበላሽበት ከመንገዱ ዳር ይሰፍራል።

መሬት ላይ ስትደርሱ ከመንገዱ ስትወጡ ተሰልፋችሁ አትሂዱ፤ አራት ሰው አንዱ በሌላው ኮቴ ከረገጠ አዲስ ዱካ ይወለዳል፣ የሚቀጥለውም ቡድን ይከተለዋል። ተበታትናችሁ ሂዱ። ኮምፓስ ላይ የመጣችሁበትን አቅጣጫ መዝግቡ፤ ጠዋት ከ60 ሜትር ርቀት መንገዱ አይታይም። ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት ቀና በሉ። የደረቀ ቆሞ የቀረ ዛፍ ወይም በሌላ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ግንድ ቁመቱ በሚደርስበት ክብ ውስጥ ካለ ሌላ ፈልጉ፤ ንፋስ ባይኖርም ይወድቃል። ከዚያ ወደ ታች እዩ፦ የደረቀ ቅጠል ወደ አንድ አቅጣጫ ተጠርጎ የተከመረበት ጎድጓዳ በዝናብ ውሃ የሚወርድበት ነው። ድንኳኑን በወደቀ ቅጠል ላይ ትከሉ እንጂ ለምለም በበቀለበት ላይ አይሁን። ቅጠሉን አትጥረጉ፣ ቦይ አትቆፍሩ፣ ድንጋይ አትክበቡ። በአንድ ቦታ ከአንድ ሌሊት በላይ ባታድሩ መሬቱ ይድናል። ደንቡ ግን እስከ ሦስት ሌሊት ያለ ፈቃድ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለመቆየት፣ ወይም ቡድኑ አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከአካባቢው የደን ሬንጀር (ጠባቂ) ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሕጋዊው ቦታ ከውሃ የራቀ ስለሆነ ውሃውን ተሸክማችሁ ነው የምትመጡት። ለእራትና ለቁርስ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ብትሉ ለአራት 12 ሊትር፣ 12 ኪሎ ማለት ነው። የሚታጠፍ የውሃ ከረጢት ሁለት ባለ 6 ሊትር ያዙ፤ የመጨረሻውን ጅረት ስታልፉ ሙሉት። ይህን ያላሰበ ቡድን ነው ድንኳኑን እየቆየ ወደ ጅረቱ የሚያስጠጋው። ዕቃና ገላ መታጠብም ከውሃው ርቆ ነው። መጸዳጃ ከሌለ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ጉድጓድ፣ ከውሃ፣ ከመንገድና ከድንኳን ያው 60 ሜትር ርቆ።

ፍለጋውን ጀምበር ከመጥለቋ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ጀምሩ። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ብርሃኑ ከሰማዩ ቀድሞ ይጠፋል፤ ሦስቱን እጩዎች ማየት ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በመሐል የሰው መጎዳት ወይም አደገኛ መብረቅ ቢይዛችሁ ደንቡ ለድንገተኛ አደጋ ቦታ ይሰጣል፤ መዘግየት ግን ድንገተኛ አደጋ ተብሎ አይቆጠርም፣ ሬንጀሩም እንዲያ አይቀበለውም።

አንድ ነገር ለመነሻችሁ ጨምሩ፦ ከሴንት ሁበርትስ በኩል ለመውጣት ካሰባችሁ ከ2021 ጀምሮ ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31 የመኪና ማቆሚያው በቅድሚያ ምዝገባ ነው። ሃርት ሌክ እንዲህ ያለ ምዝገባ ባይጠይቅም በጁላይ ማለዳ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ በመኪና መንገዱ ዳር ማቆም ያስቀጣል።